ዝናው ለአንዱ፣ መዘዙ ለሌላው

በ2003 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበረች። አገሩ ለዘመን መለወጫ ሲሰናዳ፣ የኬንያው ኔሽን ሚዲያ ግሩፕ የአዲስ አበባ ዘጋቢ የነበረው አርጋው አሽኔ ግን ለስደት ተዳረገ። ለጋዜጠኞች መብት የሚሟገተው ሲፒጄ ከራሱ ከአርጋው ሰምቶ እንደዘገበው፣ ነሐሴ 30 እና ጳጉሜን 1 ቀን ወደ መንግሥት ኮሙኒኬሽን ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ተጠርቶ ተጠየቀ። ጳጉሜን 3 ቀን ደግሞ ፖሊስ አስጠርቶት፣ በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ መረጃ ያቀበለው ማን እንደሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቅ ነገረው። ካላሳወቀ የሚከተለው ምን እንደሆነ በግልጽ አልተነገረውም። በዚያው ቅዳሜና እሁድ፣ ዓመቱ ሳይለወጥ፣ አገር ለቆ ወጣ።

መነሻው አንድ የኤምባሲ ቴሌግራም ነበር። በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ ጥቅምት 16 ቀን 2002 ዓ.ም. ወደ ዋሽንግተን በላከው ጽሑፍ ላይ፣ መንግሥት «አዲስ ነገር» ጋዜጣን ዝም ለማሰኘት በስድስት ዋና ዋና ሰዎቹ ላይ ማነጣጠሩን የሚገልጽ፣ ከኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤቱ የሾለከ ወሬ ሰፍሯል። ወሬውን የሰማው ጋዜጠኛ አርጋው መሆኑም በስሙ ተጠቅሷል። ነገሩ ከንቱ ወሬ እንዳልነበረ ለማወቅ ብዙ መጠበቅ አላስፈለገም፤ ጋዜጣው በኅዳር 2002 ዓ.ም. ተዘጋ፣ አዘጋጆቹም ተሰደዱ። ቴሌግራሙ ግን ምስጢራዊ ሰነዶችን የሚያጋልጠው ዊኪሊክስ የተባለው ድርጅት ካወጣቸው ከ251 ሺህ በላይ የአሜሪካ ዲፕሎማሲያዊ ጽሑፎች አንዱ ሆኖ፣ በ2003 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የአርጋው ስም ሳይሸፈን አደባባይ ዋለ።

አርጋውን ያሳደደው ዊኪሊክስ አይደለም። አስጠርቶ የጠየቀው፣ ቀነ ገደብ የሰጠው የገዛ አገሩ መንግሥት ነው፤ ይህን ሳይሉ ማለፍ ግፍ ይሆናል። ይሁንና ስሙ ጠያቂዎቹ ጠረጴዛ ላይ እንዴት ደረሰ ካልን፣ መልሱን የምናገኘው አዲስ አበባ አይደለም፤ ለንደንና በርሊን ላይ፣ ጥቂት ዝነኛ ሰዎች እርስ በርስ በተጣሉበት ቦታ ነው። ስለ እኔነትና ስለ ዝና ስናወራ አብዛኛውን ጊዜ የጠባይ ጉዳይ አድርገን እናየዋለን፤ «ሥራው ጥሩ ነው፣ ሰውየው ግን አስቸጋሪ ነው» ብለን እናልፋለን። ምስጢር በማጋለጥ ሥራ ውስጥ ግን ሰውየውና ሥራው እንደዚያ አይለያዩም። እኔነቱ የይለፍ ቃሉ አያያዝ ውስጥ፣ የስም መሸፈኑ ሂደት ውስጥ፣ የሰነድ መቀበያው ውስጥ ይገባል፤ ጥንቃቄውን ከሥሩ ይቦረቡረዋል።

ዊኪሊክስ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲቋቋም ይህ አልታየም። (የውጭውን ታሪክ ከዚህ በኋላ በአውሮፓ አቆጣጠር እቀጥላለሁ።) መጀመሪያ አካባቢ ስሙ ከተነሳባቸው አገሮች አንዷ ጎረቤታችን ኬንያ ናት። በ2007 የቀድሞው ፕሬዚዳንት የዳንኤል አራፕ ሞይ ቤተሰብና ወዳጆች የአገሪቱን ሀብት እንዴት ወደ ውጭ እንዳሸሹ የሚያትተውን፣ የኬንያ መንግሥት ተቀብሎ ያፈነውን፣ ክሮል የተባለው የምርመራ ድርጅት ያካሄደውን ጥናት አወጣ። ቀጥሎ የኬንያ ፖሊስ የፈጸማቸውን ግድያዎች የሚመለከት ሰነድ አወጣ፤ ለዚህም በ2009 ከአምነስቲ ኢንተርናሽናል ሽልማት አገኘ። ያኔ ናይሮቢ ላይ ስለ ጥናቱ የሚከራከር ሰው የዊኪሊክስ መሥራች ጁሊያን አሳንዥ የሚባል ሰው በዓለም ላይ መኖሩን ማወቅ አያስፈልገውም ነበር። ክርክሩ ስለ ሞይ ነበር።

በ2010 ሁሉም ተለወጠ። በሚያዝያ ወር የአሜሪካ ሄሊኮፕተር ባግዳድ ላይ ሁለት የሮይተርስ ሠራተኞችን ጨምሮ ሰዎችን ሲረሽን የሚያሳየው ቪዲዮ ወጣ። በሐምሌ የአፍጋኒስታን፣ በጥቅምት የኢራቅ ጦርነት ሰነዶች፣ በኅዳር ደግሞ የዲፕሎማቶቹ ቴሌግራሞች ተከተሉ። በአንድ ዓመት ይህን ያህል ምስጢር ያወጣ ድርጅት ከዚያ በፊት አልታየም። በዚያው ዓመት ግን የድርጅቱ ስምና የአንድ ሰው ፊት አንድ ሆኑ። ነሐሴ ላይ አሳንዥ ስዊድን ውስጥ በወሲብ ጥቃት ሲጠረጠር፣ ከባልደረቦቹ መካከል ጉዳዩ እስኪጣራ ከቃል አቀባይነቱ ገለል ቢል ለድርጅቱ ይበጃል ያሉ ነበሩ። ምክሩ መጥፎ አልነበረም፤ የሰውየውን ጉዳይ ከሥራው መለየት ብቻ ነበር የጠየቁት። እሱ ግን ምክሩን እንደ ክህደት ቆጠረው። ለአንድ አይስላንዳዊ ባልደረባው በጽሑፍ ሲመልስ፣ የድርጅቱ ልብና ነፍስ እሱ መሆኑን፣ መሥራቹም ፈላስፋውም ቃል አቀባዩም ገንዘብ አምጪውም እሱ እንደሆነ ነግሮ፣ ካልተስማማህ ጥርግ በል አለው። የምልልሱ ቅጂ ጋዜጠኞች እጅ ገብቶ ወጣ፤ ምስጢር አውጪዎቹም ምስጢር ወጣባቸው።

ሁለተኛው ሰው የሚባለው ጀርመናዊው ዳንኤል ዶምሻይት-በርግ መስከረም ላይ ወጣ። ብቻውን አልወጣም፤ የሰነድ መቀበያውን ሥርዓት የገነባው ባለሙያም አብሮት ወጣ፤ ሥርዓቱንና ገና ያልታተሙ ሰነዶችን ይዘው ነው የሄዱት። ዊኪሊክስ ከዚያ በኋላ ሰው ሰነድ በደኅና የሚልክበትን መስመር መልሶ የከፈተው በግንቦት 2015 ነው። አራት ዓመት ተኩል ያህል መሆኑ ነው። በእነዚያ ዓመታት አሳንዥ ከዓለም ጥቂት ዝነኛ ሰዎች አንዱ ሆኗል፤ ሕይወቱ ፊልም ተሠርቶበታል፤ ሰነድ የያዘ አንድ ተራ ሠራተኛ ግን የሚያንኳኳው በር ተዘግቶ ቆይቷል። ዶምሻይት-በርግም የራሱን ድርጅት አቋቁሜያለሁ ብሎ መጽሐፍ ጻፈ፤ ድርጅቱ ግን ቃል የገባውን ሥራ ሳይሠራ ቀረ። በነሐሴ 2011 ይዟቸው ከወጣው ሰነዶች ከ3,500 በላይ ማጥፋቱን ተናገረ። ምንጮቹን ለመጠበቅ ነው አለ። እነዚያን ወረቀቶች ከየመሥሪያ ቤቱ ያወጡ ሰዎች እንጀራቸውን፣ ምናልባትም ነፃነታቸውን፣ አደጋ ላይ ጥለው ነበር፤ የላኩት ነገር ሳይነበብ በሁለት ሰዎች ጠብ መሃል ተቃጠለ።

ወደ አርጋው ስም የሚያደርሰው መንገድ በዚህ ጠብ ውስጥ ያልፋል። አሳንዥ በ2010 ክረምት ቴሌግራሞቹን በሙሉ የያዘ የተቆለፈ ፋይል ለጋርዲያኑ ጋዜጠኛ ለዴቪድ ሊ ሰጠው፤ የይለፍ ቃሉንም ነገረው። ፋይሉ ከዊኪሊክስ ሰርቨር ላይ መነሳት ሲገባው ሳይነሳ ቀረ፤ በኋላም ደጋፊዎች የድርጅቱን ገጽ ከመዘጋት ለማዳን ሲያባዙት አብሮ ተባዛ። ከሚያባዙት ሰዎች ምን እንደያዘ የሚያውቅ ስላልነበረ ማንም ልብ አላለውም። በየካቲት 2011 ሊ ከባልደረባው ጋር ስለ አሳንዥ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የይለፍ ቃሉን እንዳለ አተመው። ጊዜው ያለፈበት መስሎኝ ነው አለ። ይሁንላቸው፤ ግን ያ የይለፍ ቃል ለአንባቢ ምን ጠቀመው? ለትረካው ማጣፈጫ ነበር፤ «እኔ እዚያ ነበርኩ» ለማለት። ነሐሴ ላይ ደግሞ ከዶምሻይት-በርግ ወገን ዊኪሊክስ ምስጢር መጠበቅ እንደማይችል ለማሳየት ስለ ፋይሉ ፍንጭ መስጠት ተጀመረ፤ ደር ፍራይታግ የተባለው የጀርመን ጋዜጣ ፋይሉም ቁልፉም ሜዳ ላይ መሆናቸውን ጻፈ። ከዚያ በኋላ ሁለቱን ማገናኘት የቀናት ሥራ ነበር። መስከረም 2 ቀን፣ በእኛ ነሐሴ 27፣ ዊኪሊክስ ራሱ ሁሉንም ስም ሳይሸፍን ለቀቀው። እስከዚያ ድረስ ስም እየሸፈኑ አብረውት ይሠሩ የነበሩት አምስት ታላላቅ የዜና ተቋማት ድርጊቱን በጋራ አወገዙ። አሳንዥ ጥፋቱን በሊ ላይ፣ ሊ በአሳንዥ ላይ፣ ዶምሻይት-በርግም በአሳንዥ ላይ ጣሉት። ሦስቱም በከፊል ልክ ነበሩ። አርጋው በኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤቱ የተጠየቀው ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ሌላ ወረቀት ወጥቶ ነበር፦ ዊኪሊክስ የገዛ ሠራተኞቹን የሚያስፈርመው የምስጢር ጥበቃ ውል። የድርጅቱን መረጃ ያወጣ ሠራተኛ 12 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲከፍል ያስገድዳል። አስተያየት አልጨምርበትም።

የአርጋውን ስም የያዘው ዓይነት ጽሑፍ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ዲፕሎማቶች ከአገሬው የሚሰሙትን ጽፈው ወደ አገራቸው መላካቸውን የጎጃሙ አዊ ከጥንት ያውቀዋል። ዳንግላ በአንድ ወቅት የእንግሊዝ ቆንስላ ነበረባት፤ ሜጀር ሮበርት ቺዝማን ከ1925 እስከ 1934 የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስል ሆኖ ከዚያ ሠርቷል፣ ጣናንና ዓባይንም ከዚያ እየተነሳ አጥንቷል። እንዲህ ያለ ቆንስል ዓይኑና ጆሮው የአካባቢው ሰው ነው፦ ነጋዴው፣ አስተርጓሚው፣ ቀዬውን የሚያውቀው ባላባት። የእንግሊዝ መንግሥት ግን እንዲህ ያለውን መዝገብ ለሕዝብ የሚከፍተው በ1958ቱ ሕግ ከ50 ዓመት በኋላ ነበር፤ በኋላ ወደ 30 ወረደ። ያ መቆለፊያ ባለሥልጣኑን ከነውር መከለሉ እውነት ነው፤ አጋላጮች መስበር የሚፈልጉትም ይህንኑ ነው። ግን ዳንግላ ላይ ለቆንስሉ የተናገረውን ሰውም ከለላ ሰጥቶታል። ቁልፉን ልስበር የሚል ሰው ለዚያኛው ከለላ ምትክ ማዘጋጀት አለበት፤ ምትኩም ስም በስም፣ ገጽ በገጽ ተቀምጦ መሸፈን ነው። አሰልቺ ሥራ ነው። ፎቶ አያስነሳም፣ መድረክ ላይ አያወጣም፤ ዝና የለመደ ሰውም ቶሎ ይሰለቸዋል።

ታዲያ እንቅስቃሴው ለምን ፊት ይፈልጋል? መገናኛ ብዙኃን ከሰነድ ይልቅ ሰው ማሳየት ይቀላቸዋል። ገንዘብ የሚያዋጣውም ሰው ለሰው ነው የሚያዋጣው። መንግሥታትም ቢሆኑ ፊት ያለው ጠላት ይመቻቸዋል፤ ስለ ባግዳዱ ግድያ ከመመለስ ስለ አሳንዥ ጠባይ ማውራት ቀላል ነው። ከሰኔ 2012 እስከ ሚያዝያ 2019 በለንደኑ የኢኳዶር ኤምባሲ ተዘግቶ ሲኖር፣ ዓለም ስለ ድመቱ ሳይቀር ዘግቧል። ቪዲዮውንና ቴሌግራሞቹን ያወጣችው ቼልሲ ማኒንግ ግን በግንቦት 2010 ተይዛ፣ በ2013 የ35 ዓመት እስር ተፈርዶባት፣ ፕሬዚዳንት ኦባማ ቅጣቱን አሳጥረውላት በ2017 እስክትፈታ ድረስ የአሳንዥን ያህል ስሟ አልተነሳም። አሳንዥም ኋላ እስሩን ቀመሰ፤ የተፈጸመበትን ቀላል አላደርገውም። ቅደም ተከተሉ ግን ይኸው ነው፦ ዝናው መጀመሪያ ለአሳታሚው ይደርሳል፣ ወህኒው መጀመሪያ ለምንጩ።

የአሜሪካን የስለላ ምስጢር ያጋለጠው ኤድዋርድ ስኖውደን በ2013 ስሙን ራሱ ያወጣው፣ በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ባልደረቦቹ እንዳይጠረጠሩበት ጭምር ነው። እሱ በፊቱ ሌላውን ሸፈነ። የአንድን ታዋቂ አጋላጭ ፊት የምመዝነው በዚህ ነው፦ ሌላውን ይከልላል ወይስ ሌላው ላይ ያጠላል?

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ዝና ሁልጊዜ ጎጂ ነው ብሎ መደምደም እንደማያዋጣ የሚያሳይ ታሪክ አለ። ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና አፈትልኮ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በመውጣቱ በመላ አገሪቱ ተቋረጠ። ከ250 ሺህ በላይ ተማሪዎች፣ የእንጅባራና የዳንግላ ልጆችም ጭምር፣ እንደገና እንዲዘጋጁ ተነገራቸው። በኦሮሚያ ተቃውሞ ምክንያት ወራት ሙሉ ትምህርት የተዘጋባቸው ተማሪዎች ጊዜ እንዲያገኙ ነው ብለው ድርጊቱን በአደባባይ ከደገፉት አንዱ በወቅቱ አሜሪካ ይኖር የነበረው አክቲቪስት ጃዋር መሐመድ ነው። ብዙ ተከታይ ባይኖረው ወረቀቱ ያን ያህል ባልተዳረሰ ነበር። ፈተናው ወደ ሐምሌ መጀመሪያ ተዛወረ። የተፈለገው ሆነ ማለት ነው፤ ዝና እንደ ድምፅ ማጉያ ሠራ። ወረቀቱን ከተቆለፈበት ያወጣው ሰው ስም ደግሞ በዝነኛው ገጽ ላይ አልወጣም። አላማውን ብንወደውም ብንጠላውም፣ ከአሠራሩ ወገን ይህ የሚጠቀስ ነው።

በየቀኑ ስልካችን ላይ የምናየው ግን ሌላ ነው። እንደ እንጅባራ ባለ የዞን ከተማ አንድ ደብዳቤ እንዴት እንደሚዞር መሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ስለ መሬት ድልድል ወይም ስለ ማዳበሪያ ኮታ ይሁን እንበል። መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፣ ማኅተም ያርፍበታል፣ ግርጌው ላይ «ግልባጭ» ተብሎ የሚደርሳቸው ክፍሎች ይዘረዘራሉ። እያንዳንዱ ቅጂ ክፍሉ ሲደርስ ኃላፊው ጠርዙ ላይ በእስክሪብቶ ይመራበታል፤ «ለእገሌ፣ በመመሪያው መሠረት ይታይ» ብሎ ይፈርማል። ስለዚህ አንዱ ግልባጭ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም፤ ምሪቱ የትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደዋለ ይናገራል። ጠረጴዛው ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ብቻ ነው ያለው።

ከነዚህ አንዱ በምሳ ሰዓት ደብዳቤውን በስልኩ ያነሳና ውጭ አገር ላለ ባለ ብዙ ተከታይ ገጽ በቴሌግራም መተግበሪያ ይልካል። ባለ ገጹ ሌላ ገጽ ሳይቀድመው መለጠፍ አለበት። ይለጥፈዋል፦ ምሪቱ እንዳለ፣ የወረቀቱ እጥፋት እንዳለ፣ የጠረጴዛው ጨርቅ ጥግ ሳይቀር እየታየ። አንድ ነገር ብቻ ይጨምርበታል፤ ሌላ ሰው እንዳይወስድበት የገጹን ሎጎ ደብዳቤው መሃል ላይ ያትምበታል። የራሱን ስም ለማተም ጊዜ ነበረው፣ የሰውየውን ዱካ ለመሸፈን ግን አልነበረውም። በማግስቱ ቡና ላይ ቢሮው በሙሉ ማን እንደሆነ ይገምታል። ግምቱ ቢሳሳትም መከራው ያው ነው፤ ያልላከው ሰው ዝውውር ይደርሰዋል።

ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ አይደለም። በስኖውደን ዝና ላይ የተመሠረተው የዜና ድረ ገጽ ዘ ኢንተርሴፕት በ2017 አንድ የአሜሪካ የስለላ ሰነድ ትክክለኛነቱን ለማጣራት ቅጂውን ለመንግሥት አሳየ። መርማሪዎቹ ወረቀቱ ላይ እጥፋት አዩ፤ ታትሞ ከቢሮ የወጣ ነው አሉ፤ ማን አተመው ብለው ሲቆጥሩ ስድስት ሰው አገኙ። ሪያሊቲ ዊነር የተባለችው ወጣት አምስት ዓመት ከሦስት ወር ተፈረደባት። በዓለም ላይ ምንጭ በመጠበቅ ስሙ የገነነ ተቋም ይህን ከሠራ፣ አንድ ሰው ከመኖሪያ ቤቱ የሚያስተዳድረው ገጽ ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት አይከብድም።

ሕጉስ? የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003ም አለ፤ ማንነትን ከመደበቅ እስከ መኖሪያ መቀየር የሚደርስ ጥበቃ ይዘረዝራል። ነገር ግን አዋጁ የተጻፈው አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ለሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ የሚያስበውም ለሚመለከተው የመንግሥት አካል የሚሰጥ ጥቆማን ነው። የማዳበሪያ ኮታ ደብዳቤ ለቴሌግራም ገጽ የላከ ሰው በዚህ ጥላ ሥር መግባቱን ሳያረጋግጥ መመካት የለበትም። ሕጉ በማይደርስበት ቦታ ያለው ብቸኛ ጥበቃ የተቀባዩ ጥንቃቄ ነው፤ የባለ ገጹ ጠባይ የግል ጉዳዩ መሆኑ የሚያበቃውም እዚህ ላይ ነው።

«ፊት ከሌለው ማን ይጠየቃል?» የሚል ተቃውሞ አለ፤ ትክክለኛ ተቃውሞ ነው። ስም አልባ ገጾች የሐሰት ደብዳቤ በፎቶሾፕ ሠርተው ሰው ሲያሳድዱ አይተናል። ስለዚህ መፍትሔው ሁሉም ይደበቅ አይደለም። የሚያትመው ሰው በስሙ ይታወቅ፣ ለስህተቱም ይጠየቅ፤ ሰነዱን የላከው ይደበቅ። ውሳኔውም በአንድ ሰው እጅ አይሁን፤ «ይህ ስም ይውጣ» ሲል «አይሆንም» የሚለው ሁለተኛ ሰው አጠገቡ ይኑር፤ ያም ሰው ስለተቃወመ አይባረር። ዊኪሊክስ ውስጥ እንዲህ ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 መስከረም አንድ በአንድ ወጡ።

ስለዚህ ገጽ ያላችሁ ሰዎች፦ የተላከላችሁን ደብዳቤ ፎቶውን አትለጥፉ። ይዘቱን በራሳችሁ ቃል ጻፉት፤ ቁጥሩን፣ ምሪቱን፣ የግልባጩን ዝርዝር ተዉት። የግድ ወረቀቱ ይታይ ካላችሁ እንደ አዲስ ተይቡት። ስንት ሰው እጅ እንደገባ ሳትጠይቁ አታውጡት፤ ሦስት ሰው ብቻ ከሆነ አሥር እስኪሆን ጠብቁ፣ ሌላ ገጽ ቢቀድማችሁም ይቅደማችሁ። ላኪዎችም ብትሆኑ፣ ለመላክ የመረጣችሁት ሰው ያለፈውን ዓመት ልጥፎቹን ወደ ኋላ ሄዳችሁ ተመልከቱ፤ የሌላውን ሰው ምሪት ሳይሸፍን ለጥፎ ከሆነ የእናንተንም ይለጥፈዋል፤ አትላኩለት።